ከማክ የመጣው ኤክሴል

ኤክሴል ሲባል ዊንዶውስ ትዝ የማይለው ሰው ጥቂት ነው። ነገር ግን ኤክሴል እ.ኤ.አ. በ1985 መጀመሪያ የወጣው ለአፕል ማኪንቶሽ ነበር፤ ዊንዶውስ ላይ የደረሰው ከ2 ዓመት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ በዶስ ላይ የሠንጠረዥ ፕሮግራሞች ገበያ በ1983 በወጣው ሎተስ 1-2-3 እጅ ነበር። ሎተስ ቁጥሮቹን በቀጥታ ወደ ስክሪኑ ሜሞሪ ስለሚጽፍ ፈጣን ነበር፤ ኋላ ያሰረውም ይኸው ነው። ለአንድ ቤት ተለክቶ የተጠረበ በር ሌላ ቤት ላይ አይገጥምም። ኩባንያው ኦኤስ/2 የተባለውን ሥርዓተ ክወና ተስፋ አድርጎ ቆየና የዊንዶውሱን ሎተስ ያወጣው በ1991 ነው።

ማይክሮሶፍት ያሸነፈው የዊንዶውስ ባለቤት ስለሆነ ነው የሚል አይጠፋም። ክርክሩ ውሃ ያነሳል፤ ግን ሙሉ አይደለም። የዶስም ባለቤት ማይክሮሶፍት ነበር፤ ሆኖም የራሱ የሠንጠረዥ ፕሮግራም መልቲፕላን ሎተስን አልቻለውም። ልዩነቱን ያመጣው፣ በእኔ ግምት፣ በመስኮትና በማውስ መሥራትን ማክ ላይ ቀድሞ መልመዱ ነው።

የማክና የዊንዶውስ ልዩነት በኤክሴል የቀን አቆጣጠር ውስጥ ቀርቷል። ሎተስ 1900ን 366 ቀን ያለው ዓመት አድርጎ ቆጠረ፤ በግሪጎርያን አቆጣጠር ግን ፌብሩዋሪ 29 ቀን 1900 የሚባል ቀን የለም። የዊንዶውሱ ኤክሴል የሎተስ ፋይሎች እንዳይዛቡበት ስህተቱን እያወቀ ወረሰ። የማኩ ቆጠራውን ከ1904 ጀመረ። ስለዚህ በአንዱ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን በቁጥሩ ብቻ ወደ ሌላው ሲገለበጥ 1,462 ቀን ይዛነፋል።