የስንዴ ጾም

የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ያልፋል። በእንዲህ ያለ ብርድ ጤፍ አይደላውም፤ ደጋው የገብስና የስንዴ አገር ነው። ከየካ ሚካኤል በላይ ባለው ዳገት ለኖረ ሰው ጤፍ ከታች፣ ከነአድኣና ከነበቾ ሜዳ፣ በአህያ ጀርባ ተጭኖ የሚመጣ እህል ነበረ። እቴጌ ጣይቱ እ.ኤ.አ. በ1887 የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሲመረቅ ያበሉት ግብር እስከ ዛሬ ይተረካል። የእንጀራው፣ የወጡና የጠጁ ብዛት ይወሳል። የሕፃናት ማዕድ ግን የታሪክ ጸሐፊ ብዕር እምብዛም አይጎበኘውም። በዚህች አጭር ጽሑፍ ወደዚያ ወደ ተረሳው ማዕድ ጎራ እንበል።

የደጋ ልጅ ከእህል ጋር የሚተዋወቀው በገብስና በስንዴ ነው። እናቱ በአራስነቷ የገብስ ገንፎ ትበላለች። እሱም ከጡት ቀጥሎ አጥሚት ይቀምሳል፤ መዳኽ ሲጀምር ቂጣ ይጨብጣል፤ ሮጦ ሲጫወት በኪሱ ቆሎ አይጠፋም። ነሐሴ 13 ቡሄ ሲደርስም ሆያ ሆዬ ብሎ ሙልሙሉን ይቀበላል። ለአብዛኛው ሕፃን ይህ ሁሉ በረከት ነው። ለጥቂቱ ግን መከራ ነው። በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ሲገባ የገዛ ሰውነቱ መከላከያ ተነሥቶ አንጀቱን ያቆስለዋል፤ የበላው ወደ ደሙ ሳይገባ ይወጣል። ሆዱ ይነፋል፣ ተቅማጥ ይመላለስበታል፣ እግሩ ይቀጥናል፣ እድገቱ ይገታል። ሐኪሞች ሴሊያክ ይሉታል። በዓለም ዙሪያ ከመቶ ሰው አንዱን ገደማ ያገኛል።

በቀድሞው ዘመን ለእንዲህ ያለ ልጅ መልሱ ቅርብ ነበረ፤ ቡዳ በልቶት ነው፣ ዓይን ወግቶት ነው ይባላል። እናት ልጇን በነጠላዋ ከልላ ታበላዋለች። ከሰው ዓይን የሸሸገችው እናት ከቂጣው አልሸሸገችውም፤ ማን ነግሯት?

ለአውሮፓም እናት የነገራት አልነበረም። ሳሙኤል ጊ የተባለው የለንደን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1888 በሽታውን በዝርዝር ጽፎ፣ ፈውስ ካለው ከምግብ ነው ሲል ደመደመ፤ የትኛው ምግብ እንደሚጎዳ ግን አላወቀም። በ1924 በኒው ዮርክ ሲድኒ ሃስ የተባለ ሐኪም ሕፃናቱን ሙዝ እያበላ ብዙዎቹን አዳነ፤ ሙዙ ፈወሰ ብሎም አመነ። ምስጢሩ ግን ከሙዙ ጋር በተከለከለው ዳቦ ላይ ነበረ። ይህን ያስተዋለው በዘ ሄግ ከተማ የሕፃናት ሐኪም የነበረው ኔዘርላንዳዊው ዊለም ካሬል ዲከ ነው። ከጦርነቱ በፊት ስንዴን መጠርጠር ጀምሮ ነበር። በ1944 እና 1945 መካከል በነበረው የረኀብ ክረምት አገሩ ዳቦ ባጣ ጊዜ ጤነኛው ሲከሳ የእርሱ ሕሙማን ሕፃናት ተሻላቸው፤ ዳቦ ሲመለስ ሕመማቸውም አብሮ ተመለሰ ይባላል። ዲከ በ1950 በኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ ነገሩን አስረዳ፤ ብዙም ሳይቆይ ጥፋቱ የግሉተን መሆኑ ተረጋገጠ።

በእኛ አገር ደግሞ በዚያው ሰሞን ጥያቄው ሌላ ነበረ፤ ሕፃኑ ምን ይጎዳዋል ሳይሆን ምን ይብላ የሚል። እ.ኤ.አ. በ1962 ኢትዮጵያና ስዊድን ተስማምተው አዲስ አበባ ላይ የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል አቋቋሙ። ከዚያ የተገኘው ዱቄት ስሙ ምኞት ነው፦ ፋፋ። ስንዴ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተርና የወተት ዱቄት ተቀላቅለው የተሠራ፣ የከሳን ልጅ ለመመለስ የታሰበ ምግብ ነበረ፤ ለብዙ ቤትም ደርሷል። ስንዴ ለማይስማማው ልጅ ግን ያ ደግ ዱቄት ሕመሙን የሚያባብስ ነበረ። የከሳው በእጦት ነው ወይስ ከቀረበለት ምግብ የተነሣ? ሁለቱ ሕፃናት ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ተቃራኒ ነው።

ጤፍ ግሉተን እንደሌለው ዓለም ሲሰማ ገበያው ተንቀሳቀሰ። እ.ኤ.አ. በ2003 አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፓተንት ጥያቄ አቀረበ። በ2005 ከኢትዮጵያ ጋር ጥቅም ለመጋራት ተዋዋለ፤ በ2007 የአውሮፓ ፓተንት ተሰጠው፤ በ2009 ከሰረ። ፓተንቱ ወደ ሌላ እጅ ተላለፈ፤ ለጤፍ አገር ይህ ነው የሚባል ጥቅም አልመጣም። በመጨረሻ በኅዳር ወር 2018 የዘ ሄግ ፍርድ ቤት አዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ ኔዘርላንድ ውስጥ ሻረው። ዲከ ስንዴ የሚጎዳቸውን ሕፃናት ያከመባት ከተማ፣ ለእነዚያው ሕፃናት የሚስማማው እህል የማንም ፈጠራ አለመሆኑን ፈረደች።

እንግዲህ ጤፉ የእኛ ነውና ልጃችን ድኗል እንበል? ውድ አንባቢ፣ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። በፈረንሳይ ለጋሲዮን ወይም በኮተቤ የምትኖር፣ ልጇ ሴሊያክ ያለበት እናት ከሾላ ገበያ የገዛችውን ጤፍ ወፍጮ ቤት ስትወስድ ከእርሷ በፊት የተፈጨው ስንዴ ሊሆን ይችላል፤ የቀረው ዱቄት ከጤፏ ይቀላቀላል። ጤፍ በተወደደ ቁጥር ከሱቅ የሚገዛው እንጀራ ገብስ ሊጨመርበት ይችላል። ከጎረቤት የተዋሰችው እርሾ ከምን ዱቄት እንደመጣ መጠየቅ አለባት። ከሁሉ የሚከብደው ጉርሻ ነው፤ በፍቅር የተዘረጋን እጅ መመለስ ነውር በሆነበት አገር ልጇን ከደግ ሰው እጅ መጠበቅ አለባት። ያለ ሐኪም ምክር ስንዴን ማስቀረትም አይበጅም፤ ልጁ ሳይመረመር ስንዴ ካቆመ ምርመራው በሽታውን ሊስተው ይችላል።

ቢሆንም ይህ ሕዝብ መከልከልን ያውቃል። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾምም ሳምንታት ሙሉ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ሥጋ የሌለበት ማዕድ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ሱፍ ፍትፍት ይዞ ያምራል። ጾመኛው የፍስክ ማንኪያ የጾም ወጥ ውስጥ እንዳይገባ ይጠነቀቃል፤ ጎረቤቱም «የጾም ነው?» ብሎ ሲጠየቅ አይቀየምም። ወተት ወይም እንቁላል የማይስማማው ሕፃን በጾም ቀን ከሁሉ ጋር እኩል ይበላል፤ ብቸኛ የሚሆነው በፋሲካ ነው። ስንዴ የማይስማማው ደግሞ በቡሄ፣ ሙልሙሉ ሲታደል።

ከሰባት ዓመት በታች ያለ ሕፃን አይጾምም። ይህ ልጅ ግን ፍስክ የሌለው ጾም ተሰጥቶታል። ለጾመኛ የምናደርገውን ያን ጥንቃቄ፣ ማንኪያ መለየቱን፣ ሳይቀየሙ መጠየቁንና ሳይቀየሙ መመለሱን፣ ለእርሱ ብናደርግለት ቤታችን አዲስ ሥርዓት መማር አያስፈልገውም። ለቡሄ ከሙልሙሉ ጎን ንጹሕ የጤፍ ቂጣ ቢጋገር፣ ሆያ ሆዬ ሲል የመጣው ሕፃን እጁን ባዶ አይመልስም።