ከሀገረ ሕይወት እስከ ጥቁር አንበሳ፦ የማስተማሪያ ሆስፒታሎቻችን ታሪክ ከአምቦ መንገድ ሲታይ

የምዕራብ ሸዋ ዋና ከተማ የሆነችው አምቦ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን «ሀገረ ሕይወት» ተብላ ትጠራ ነበር። ለፍል ውኃዋ ብለው ከሩቅም ከቅርብም ፈውስ ፈላጊዎች ይመጡባት ለነበረች ከተማ ስሙ የሚስማማ ነበር። ሆኖም ፍል ውኃው የማያሽረውና በአካባቢው ሕክምና የማይቻል ደዌ የያዘው ሰው ፊቱን ወደ አዲስ አበባ ከማዞር በቀር አማራጭ አልነበረውም። ይህ ጽሑፍ ታላላቅ የማስተማሪያ ሆስፒታሎቻችን እንዴት እንደተመሠረቱ በአጭሩ እየቃኘ፣ ታሪካቸው በዚሁ መንገድ ላይ ለሚመላለሰው በሽተኛ ምን እንዳስገኘለትና ምን እንዳጓደለበት ለማሳየት ይሞክራል።

የርቀትን ዋጋ ከሚያስታውሱን ታሪኮች አንዱ የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ነው። ልዕልቲቱ በስደት ዘመን በእንግሊዝ አገር የነርስነት ሙያ ተምረው የተመረቁ ነበሩ። በ1934 ዓ.ም. ከአቢይ አበበ ጋር ተጋብተው ወደ ወለጋ ሄዱ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ 11 ቀን በነቀምቴ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር ሕይወታቸው አለፈ። ዕድሜያቸው ገና 22 ዓመት ነበር። ነቀምቴ አምቦን፣ ጉደርን፣ ጌዶንና ባኮን አልፎ ከአዲስ አበባ 331 ኪሎ ሜትር ርቃ ትገኛለች። የንጉሥ ልጅነትም ሆነ የነርስነት ሙያ ይህን ርቀት አላሳጠረላቸውም።

ሲልቪያ ፓንክኸርስት በብሪታንያ ገንዘብ በማሰባሰብ የተሳተፉበት የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በ1940ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ጀመረ፤ ነርሶችንም ያሠለጥን ነበር። መታሰቢያው የቆመው ግን ልዕልቲቱ በሞቱበት አገር ሳይሆን በአዲስ አበባ ነው። ለዘመኑ ውሳኔው ምክንያት ነበረው፤ ጥቂቶቹ ሐኪሞች፣ የተሻለው መሣሪያና አስተማሪዎቹ ሁሉ በዋና ከተማዋ ነበሩና። ይሁን እንጂ ይኸው አካሄድ ለብዙ ዓመታት እንደ ልማድ ጸንቶ ቆየ።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲቋቋም የልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ክሊኒካዊ ትምህርት ከሚሰጥባቸው ተቋማት አንዱ ሆነ። ሆስፒታሉ ከአብዮቱ በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ሲሆን፣ የሕክምና ትምህርቱ ማዕከል በ1960ዎቹ አጋማሽ ሥራ ወደ ጀመረው ታላቅ ሕንጻ ተዛወረ። ይህ ሆስፒታል በመጀመሪያ የተሰየመው ለሐረሩ መስፍን ለልዑል መኮንን መታሰቢያ ነበር፤ ከአብዮቱ ወዲህ ግን ጥቁር አንበሳ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1998 አስተዳደሩ ከጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተላልፏል።

ጥቁር አንበሳ ለአገሪቱ ያበረከተው አስተዋጽኦ በአልጋ ብዛት ብቻ የሚለካ አይደለም። በየክልሉ ከሚሠሩት ስፔሻሊስቶች ብዙዎቹ የተቀረጹት በዚያ ነው። በ1990ዎቹ መባቻ የተጀመረው የጨረር ሕክምናም ሃያ ዓመት ለሚሆን ጊዜ በአገሪቱ ብቸኛው ነበር። በዚህም ምክንያት ከጌዶም ሆነ ከጀልዱ የተነሣ የካንሰር ሕመምተኛ መድረሻው አንድ ነበር፤ ከመላው ኢትዮጵያ ከመጣው ሰው ጋር ተሰልፎ ተራ መጠበቅ ግድ ይለዋል። ተራው ሲደርስ በሽታው ደረጃውን ማለፉ ለሐኪሙም ለተማሪውም የተለመደ ትዕይንት ሆኖ ኖሯል።

በአስኮ በኩል ወደ አዲስ አበባ ለሚገባው የምዕራብ ሸዋ ሕመምተኛ ሌላው መድረሻ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ነው። ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1968 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተቋቋመው አቅም ለሌለው ሕዝብ ሕክምና ለመስጠት ነበር። በኢትዮጵያ ሚሌኒየም ዋዜማ፣ እ.ኤ.አ. በ2007፣ የሕክምና ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ2008 ዓ.ም. መስከረም ደግሞ በአገሪቱ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ማዕከል ተመረቀበት። ከአንድ አጠቃላይ ሆስፒታል እስከ ንቅለ ተከላ የደረሰው ይህ እድገት የሚያኮራ ነው። የተጨመረው አገልግሎት ግን አሁንም የቆመው በመንገዱ መጨረሻ ላይ ነው።

በአገራችን የጤና ሥርዓት ደረጃ መሠረት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቧል። በዚሁ ስሌት ዛሬ በምዕራብ ሸዋ በጀልዱ፣ በእንጪኒ፣ በጉደርና በባኮ የመጀመሪያ ደረጃ፣ በአምቦ፣ በጌዶና በጊንደበረት አጠቃላይ ሆስፒታሎች አሉ። በ1939 ዓ.ም. በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተጀመረውና በ2003 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው የአምቦ ተቋምም የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅና ሪፈራል ሆስፒታል አለው። የሕክምና ትምህርት በመጨረሻ ወደ ምዕራብ ተጉዟል ማለት ይቻላል።

ይህ ጉዞ ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ቀላል ስሌት ያስረዳል። ከወሊድ በኋላ የሚከሠት ብርቱ የደም መፍሰስ ሕክምና ካላገኘ እናትን በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ ሊገድል ይችላል። ከአምቦ እስከ አዲስ አበባ ያለው ከ110 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ጉዞ፣ የአምቡላንስ ጥሪውና የሪፈር ወረቀቱ ጊዜ ሲታከልበት፣ ይህን ሰዓት ይጨርሰዋል። ከዋናው መንገድ ርቃ ከጊንደበረት ለምትነሣ እናትማ ስሌቱ ገና ከጅምሩ አይሠራም። ስለዚህ ደም፣ ማደንዘዣና ቀዶ ሕክምና የሚሠራ እጅ እናቲቱ ባለችበት አቅራቢያ መገኘት አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያዎች ሥልጠና የዚሁ ግንዛቤ ውጤት ነው።

በ2004 ዓ.ም. 13 አዳዲስ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ፣ መምህር ሳይበቃ ትምህርት ቤት ማብዛት ጥራትን ይጎዳል የሚል ስጋት ከሙያ ባልደረቦቻችን ተሰምቶ ነበር። ስጋቱ ተገቢ ነው። መፍትሔው ግን ተማሪውን ወደ መዲናዋ መመለስ ሳይሆን መምህሩን ወደ ተማሪው መላክ ነው። የጥቁር አንበሳና የጳውሎስ ስፔሻሊስቶችና ከፍተኛ ሬዚደንቶች በተራ በአምቦ ቢያስተምሩ፣ የአምቦም መምህራን በየጊዜው ወደ አዲስ አበባ መጥተው ክህሎታቸውን ቢያዳብሩ ሁለቱም ወገን ይጠቀማል። በአዲስ አበባ የሚማር ሐኪም ዘግይቶ የደረሰውን ሕመም ያያል፤ በአምቦ የሚማር ደግሞ ሕመሙን ከመነሻው የማየት ዕድል አለው።

አንድ ወጪ የማይጠይቅ ነገርም አለ። ከጌዶ ወይም ከባኮ የተላከ ሕመምተኛ ሲመለስ፣ ምን እንደተገኘበትና ምን እንደተደረገለት የሚገልጽ የመልስ ወረቀት ለላኪው ሐኪም ይዞ መመለስ አለበት። ያ ወረቀት ለላኪው ሐኪም ትምህርት፣ ለቀጣዩ ሕመምተኛ ደግሞ የተፋጠነ ውሳኔ ነው። የማስተማሪያ ሆስፒታል ማስተማር ያለበት በግቢው ውስጥ ያሉትን ተማሪዎች ብቻ አይደለምና፣ በየዋርዱ ያለን ሐኪሞች ይህን ወረቀት ሳንጽፍ ሕመምተኛ ባናሰናብት መልካም ነው።