ቀለም ወደ ውስጥ ሲገባ፦ ከዓይን እስከ አንጎል ቅርፊት

አብዛኞቹ ጡት አጥቢ እንስሳት ቀለም የሚለዩት በሁለት ዓይነት ተቀባይ ህዋሳት ብቻ ነው። ከ30 እስከ 40 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ግን የሰውና የአፍሪካና የእስያ ጦጣዎች የጋራ ቅድመ አያት ውስጥ፣ በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ያለ አንድ ጂን ተባዛ፤ ቅጂው እያደር ተለውጦም ሦስተኛ ተቀባይ አስገኘ። የሰሜን ተራሮቹ ጭላዳም የዚሁ ውርስ ተካፋይ ነው፤ ደረቱ ላይ ያለው ቅላት ለመሰሎቹ መልእክት የሚሆነው ቀይን ከአረንጓዴ የሚለይ ዓይን ስላላቸው ነው።

ይህን ውርስ የሰው ልጅ መመርመር የጀመረው ከብርሃን ተነሥቶ ነበር። አይዛክ ኒውተን በ1672 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ነጭ ብርሃን የብዙ ጨረሮች ድምር መሆኑን አስታወቀ፤ ኋላም ጨረሮቹ ራሳቸው ቀለም እንደሌላቸው፣ የቀለም ስሜት ብቻ እንደሚቀሰቅሱ ጻፈ። በ1802 ቶማስ ያንግ ለዓይን ሦስት ዓይነት ተቀባይ እንደሚበቃው ገመተ፤ ሄልምሆልትዝም ሐሳቡን አጎለበተው። ኤቫልድ ሄሪንግ ግን በ1870ዎቹ አንድ ቀላል ነገር አስተዋለ፤ ወደ ቀይ የሚያደላ አረንጓዴ ያየ ሰው የለም። ስለዚህ ቀይና አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቢጫ ተቃራኒ ጥንዶች ናቸው አለ። የሁለቱ ወገኖች ሙግት ዕድሜው ረዘመ።

እርቁ የመጣው ከጦጣ አንጎል ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ ራስል ዴ ቫሎይስ፣ በዓይንና በአንጎል ቅርፊት መካከል ባለው የታላመስ ጣቢያ ውስጥ፣ ለቀይ ብርሃን የሚነቁ ለአረንጓዴ ግን ዝም የሚሉ ህዋሳትን በማካክ ጦጣዎች ላይ መዘገበ። ያንግ ስለ ዓይን፣ ሄሪንግ ከዓይን ስለሚቀጥለው ደረጃ ልክ ነበሩ። አንጎል የሞገድ ርዝመትን አይለካም፤ የአንዱን ተቀባይ ምልክት ከሌላው ያወዳድራል።

ቅርፊቱ ውስጥ ያለው ታሪክ ጠመዝማዛ ነው። በ1888 ስዊዘርላንዳዊው የዓይን ሐኪም ሉዊ ቬሬ፣ በግራ አንጎሏ የታችኛው የኋላ ክፍል ላይ ጉዳት ደርሶባት ከእይታዋ በቀኝ በኩል ያለው ቀለም ሁሉ የጠፋባትን ሴት ጉዳይ አሳተመ። ማስረጃው ግልጽ ነበር፤ ሆኖም እንደ ጎርደን ሆምስ ያሉ ባለሥልጣን ሐኪሞች ስላልተቀበሉት ለረጅም ዓመታት ተዘነጋ፤ በእኔ ግምት በመስኩ ታሪክ ከባዱ ብክነት ይህ ነው። በ1973 ሰሚር ዘኪ በማካክ አንጎል ቪ4 በተባለው ክፍል ለቀለም የሚመልሱ ህዋሳትን አገኘ።

ቀጥሎ ያለውን ሙከራ ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። ኤድዊን ላንድ ከባለ ቀለም ወረቀት ቁራጮች ሠሌዳ ሠርቶ በሦስት የብርሃን ምንጮች አበራው፤ ከአረንጓዴው ቁራጭ የሚመለሰው ብርሃን ቀድሞ ከቀዩ ይመለስ ከነበረው ጋር በልኬት እኩል እንዲሆን ምንጮቹን አስተካከለ። ተመልካቹ ግን አረንጓዴነቱ አልተለወጠበትም፤ እይታው በዙሪያው ካሉት ቁራጮች ጋር እያስተያየ ነበርና። ዘኪ ይህንኑ ለጦጣዎች ሲያሳይ፣ የመጀመሪያው የእይታ ቅርፊት ህዋሳት የብርሃኑን ውሕደት ሲከተሉ፣ በቪ4 ካሉት አንዳንዶቹ የሚታየውን ቀለም ተከተሉ።

ከዚያ በኋላ ግን ለቪ4 የተሰጠው «የቀለም ማዕከል» የሚለው ስያሜ ጸንቶ አልቆየም። ቪ4 የተቆረጠባቸው ጦጣዎች ቀለም መለየታቸው ቢዳከምም አልጠፋም። በ2007 ደግሞ ቤቪል ኮንዌይና ባልደረቦቹ ከቪ4 እስከ ታችኛው የጎን ቅርፊት ድረስ ለቀለም የሚያደሉ ትንንሽ ደሴቶች ተበትነው አገኙ። ማነጻጸሩ በአንድ ክፍል አያልቅም፤ በየደረጃው ይደጋገማል።

በ2009 የተሠራው ሥራ ጥያቄውን ወደ መነሻው መለሰው። ከልደት ጀምሮ ቀይና አረንጓዴ የማይለዩ ሁለት አዋቂ የደቡብ አሜሪካ ጦጣዎች በቫይረስ አማካይነት ሦስተኛው ጂን ዓይናቸው ውስጥ ገባላቸው፤ ከወራት በኋላም ልዩነቱን ማየት ጀመሩ። አዋቂ አንጎላቸው አዲስ ሽቦ ዘረጋ ወይስ ያለውን ማነጻጸሪያ በአዲስ ምልክት ተጠቀመበት በሚለው ላይ አሁንም ክርክር አለ።