«ኤስ ኤል ኤም» ከየት መጣች? የፊደላችንና የቻት ቋንቋችን ታሪክ

«ኤስ ኤል ኤም» ብሎ የሚጽፍላችሁ ሰው አለ አይደል? ሦስት የላቲን ፊደል ናት፣ «ሰላም» ለማለት ነው። «ኤን ደብሊው» ስትከተላት ደግሞ «ሰላም ነው?» ትሆናለች። ለወጣቱ ቀላል ነው። ስልክ ገና ለጀመሩ እናትና አባቶች ግን እንቆቅልሽ ነው። ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው ያደጉ ሰዎች የገዛ ልጃቸውን መልእክት ለጎረቤት ልጅ ሰጥተው ያስነብባሉ። የራሱ ፊደል ያለው ሕዝብ እዚህ እንዴት ደረሰ? ስንፍና ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ታሪክ አለው።

ኮምፒውተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1963 አሜሪካኖች ያወጡት «አስኪ» የሚባለው ሰንጠረዥ 128 ቦታ ብቻ ነበረው። ለእንግሊዝኛ ይበቃል። የኛ ግን 33ቱ በ7 ሲባዛ 231 ነው፤ እነ ሏና ቧ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ገና አልተቆጠሩም። የት ይግባ?

ጣጣው እንዲያውም ከኮምፒውተር ይቀድማል። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲሠሩም ፈተናው ይኸው ነበር፦ ፊደሉ ብዙ፣ ቁልፉ ጥቂት። በጽሕፈት መኪና ላይ የፊደሉ አካልና ቅጥያው ለየብቻ ይመታ የነበረው ለዚህ ነው።

በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እነ ዶ/ር አበራ ሞላና ፍስሐ አጥላው አሜሪካ ሆነው አማርኛን ኮምፒውተር ላይ ለማስገባት ደከሙ። በኋላ እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በየመሥሪያ ቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ ገቡ። ትልቅ ውለታ ነው። ችግሩ፣ ሁሉም ለፊደሉ የየራሱን ቁጥር ሰጠ። በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ በሌለው ኮምፒውተር ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆናል።

ኢሜይል ሲመጣ ሰዉ ያለው አማራጭ ላቲን ሆነ። በ1990ዎቹ እነ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» የሚባል ሥርዓት አወጡለት፤ ለምሳሌ ትንሹ «ቲ» ለተ፣ ትልቁ «ቲ» ለጠ። ስሙ የእንግሊዝኛ ምሕጻር ነው፣ ተንኮል አይደለም!

ቀጥሎ የሞባይል መልእክት መጣ። አንድ መልእክት በላቲን 160 ምልክት ይይዛል፤ በኛ ፊደል ሲጻፍ ግን 70 ብቻ። ብዙው ስልክም ፊደላችንን ባዶ ሳጥን አድርጎ ነበር የሚያሳየው። ስለዚህ ሰው በላቲን ጻፈ፣ ለማሳጠርም አናባቢውን ጣለ። «ሰላም» እንዲህ ነው «ኤስ ኤል ኤም» የሆነችው።

የሚገርመው ታዲያ ይሄ ነው፦ የጥንቱ ግዕዝም አናባቢ አልነበረውም። ካዕብ፣ ሣልስ እያልን የምንቆጥረው ቅጥያ የመጣው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ዒዛና ዘመን አካባቢ ነው። ከዚያ በፊት አንባቢው ከዐውዱ ይገምት ነበር። የዛሬ ልጆች ሳያውቁት 1,600 ዓመት ወደኋላ ሄደዋል! ማሳጠሩ ራሱ ነውር የለውም። እኛም ወ/ሮ፣ ት/ቤት፣ ገ/ማርያም እንል የለም እንዴ?

ነገር ግን ላቲን እንድንጽፍ ያስገደደን ምክንያት አሁን የለም። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ፊደላችን በዓለም ሁሉ አንድ የሆነ ቁጥር አገኘ። በ2007 ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ» የሚባል የአማርኛ ፎንት ይዞ መጣ። በቴሌግራም ደግሞ 70 የሚባል ገደብ የለም። ቦታ ለመቆጠብ ከሆነም «እንደምን አደራችሁ» በፊደላችን 10 ነው፣ በላቲን ቢዘረዘር 17 ይደርሳል። የቀረው ልማዱ ነው።

ለጀማሪዎች እነዚህን ያዙ፦

1. አንድሮይድ ስልክ ላይ ጂቦርድ ካለ፣ ሴቲንግ ውስጥ ቋንቋ የሚለውን ገብታችሁ አማርኛን ጨምሩ። በዊንዶውስ ኮምፒውተርም ሴቲንግ ውስጥ ቋንቋ መጨመሪያ አለ። ሁለቱም በነፃ ነው።

2. በድሮ ፎንት የተጻፈ ሰነድ ስትልኩ ወደ ፒዲኤፍ ቀይራችሁ ላኩ፤ ተቀባዩ ጋ አይዘበራረቅም።

3. ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ «ፀሐይ» ብላችሁ ካጣችሁ «ጸሀይ» ብላችሁም ሞክሩ። ለኛ አንድ ድምፅ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሀ እና ሐ፣ ጸ እና ፀ የተለያየ ቁጥር ነው።

4. «ኤል ኦ ኤል» ማለት «ጮክ ብዬ ሳቅሁ» ነው፣ የኛ «ኪኪኪ» ማለት ነው። ስለዚህ የለቅሶ መርዶ ሥር እንዳትጽፏት! «ቢ አር ቢ» ደግሞ «መጣሁ፣ ትንሽ ጠብቁኝ» ነው። ይህቺ :-) ደግሞ ወደ ጎን የተኛች ፈገግታ ናት፤ አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሊቅ ስኮት ፋልማን በ1982 ቀልድን ከቁም ነገር ለመለየት ብሎ ያመጣት።

ከጓደኛ ጋር እንደፈለጋችሁ አሳጥሩ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ለእናት ለአባት ስትጽፉ ግን በፊደል ይሁን። ያ ሁሉ ሰው ፊደሉን ማሽን ውስጥ ለማስገባት የደከመው እኮ እነሱም እንዲያነቡት ነው። ዛሬ ማታ «እማዬ፣ እንዴት ዋልሽ?» ብላችሁ በፊደል ላኩላቸው። ለጎረቤት ልጅ ሳይሰጡ፣ ራሳቸው ያንብቡት።