የፖሊስ ዕጩዎች ምልመላ፦ ከቀበሌ ማስረጃ እስከ ጽሑፍ ፈተና

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 52 ክልሎች የራሳቸውን የፖሊስ ኃይል እንዲያደራጁና እንዲመሩ ሥልጣን ይሰጣቸዋል። በመሆኑም የፌዴራልና የክልል ፖሊስ ምልመላ ለየብቻ ይካሄዳል። የዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ፣ የቁመትና የክብደት መስፈርት በየማስታወቂያው ስለሚገለጽ፣ ያለፈውን ዓመት ወሬ ይዞ ወረዳ ድረስ መጓዝ ለከንቱ ድካም ይዳርጋል።

ሂደቱ የሚጀምረው በማስረጃ ማጣራት ነው፤ የገጠር ወጣት የሚቸገረውም በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። የትምህርት ማስረጃው «ገብረ ሥላሴ» ብሎ የቀበሌ መታወቂያው «ገ/ሥላሴ» ካለ፣ ወይም የአያት ስም በአንዱ ተጽፎ በሌላው ከጎደለ፣ መዝጋቢው የሁለት ሰዎች ማስረጃ አድርጎ ሊመለከተው ይችላል። ዕድሜም ሌላ ጣጣ አለው። በአገር አቀፍ ደረጃ የልደት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በመሆኑ፣ ዛሬ ለምልመላ የሚቀርቡ የአርሶ አደር ልጆች በተወለዱበት ወቅት አልተመዘገቡም። ዘግይቶ መመዝገብ ይቻላል፤ ሆኖም የሚሞላው የልደት ዘመን ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ጋር መጣጣም አለበት። ይህን ሁሉ ማስታወቂያ ሳይወጣ መጨረስ ይበጃል። ማስታወቂያው በአጨዳ ወቅት ከወጣ፣ ከቀበሌ ወረዳ ሲመላለሱ የምዝገባው ቀን ያልፋል።

ቁመት ያለ ጫማ ይለካል። የሩጫና የአካል ብቃት ፈተና፣ የዓይንና የጆሮ ምርመራን የሚጨምር የጤና ምርመራም አለ።

በጽሑፍ ፈተናው ቋንቋ፣ መሠረታዊ ሒሳብ፣ ጠቅላላ ዕውቀትና የሕገ መንግሥት ሐሳቦች በተለምዶ ይጠየቃሉ። ሮጦ ሌባ ለመያዝ ሰዋስው ምን ያደርጋል የሚሉ አይጠፉም። ይሁን እንጂ ፖሊስ የምስክርን ቃል በጽሑፍ ይቀበላል፤ ያንን ጽሑፍ ዐቃቤ ሕግና ፍርድ ቤት ያነቡታል። በድንበር ግጭት ወይም በከብት ስርቆት መዝገብ ላይ «አየሁ» እና «ሰማሁ» ቢለዋወጡ ንጹሕ ሰው ሊታሰር፣ በሬው የተሰረቀበትም ፍትሕ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ አንድን ክስተት በቅደም ተከተል፣ ቀንና ቦታ ሳይዘሉ መጻፍን መለማመድ ከሁሉ የተሻለ ዝግጅት ነው።

የዕጩው ጠባይ ከሚኖርበት አካባቢ ይጣራል፤ በወንጀል አለመቀጣቱም ይታያል። የአካባቢ ምስክርነት ጠቃሚ ቢሆንም ቂም የያዘ ጎረቤት የሚናገርበትም ነውና፣ መልማዮች ከአንድ ሰው ቃል በላይ ሊጠይቁ ይገባል።

«አሳልፍሃለሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ሲያጋጥም ለፖሊስ ማመልከት ያስፈልጋል። ሐሰተኛ ማስረጃ ማቅረብ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ ያስቀጣል። በውጤቱ ቅር የተሰኘ ዕጩ አቤቱታውን ለመለመለው አካል በጽሑፍ አቅርቦ፣ ገቢ የተደረገበትን ቀን የያዘ ቅጂ በእጁ ማስቀረት ይኖርበታል።