ራም፣ ማኅደር እና አስማሚ፦ በኮምፒውተር ሱቅ ባንኮኒ ላይ ያሉ ቃላት ሥር

በቦሌ መድኃኔዓለም፣ በሃያ ሁለት እና በመገናኛ የኮምፒውተር ሱቆች ከጠዋት እስከ ማታ የሚሰማ ግስ አለ፤ «ማስጨመር»። ላፕቶፑ ስታክ እያደረገ ያስቸገረው ሰው ባንኮኒው ላይ ያስቀምጥና «ራም ላስጨምርበት ነበር» ይላል። ባለሙያው የታችኛውን ክዳን ፈቶ ራሙን ከስሎቱ ይነቅላል፤ ወርቃማ ጫፉን በላጲስ ወልውሎ መልሶ ይሰካውና ይሞክረዋል። በዚህች አጭር ሥራ ውስጥ የስንት አገር ቃል አለ! «ላጲስ» የጣሊያንኛ ነው፤ በዚያ ቋንቋ እርሳስ ማለት ሲሆን የላቲን ሥሩ ድንጋይ ነው። «ራም» እና «ስሎት» እንግሊዝኛ ናቸው። ጋራዥ ብንገባ ደግሞ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ እያለ ጣሊያንኛው ይበዛል። ሙያው በማን በኩል እንደመጣ የዕቃዎቹ ስም ይመሰክራል። ግሱ ግን በሁለቱም ቤት የራሳችን ነው፦ ማስፈታት፣ ማስጠገን፣ ማስጨመር።

ለእነዚህ የባዕድ ስሞች አማርኛ አቻ ሲፈለግ ቆይቷል። አቻው ተገቢ መሆኑ የሚለካው ግን በድምፁ ማማር አይደለም፤ የቃሉ ሥርና የዕቃው አሠራር ሲገጥሙ ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የደከሙበትና ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት የግዕዝ መዝገበ ቃላት ቃላትን በየሥራቸው አሰባስቦ ስላስቀመጠልን ለእንዲህ ያለው ምርመራም ይጠቅማል።

ከ«ራም» እንጀምር። ቃሉ የሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት መነሻ ፊደላት ድምር ነው፤ ራንደም አክሰስ ሜሞሪ። «ራንደም» የመጣው በጥንታዊ ፈረንሳይኛ በኃይል መገስገስን ከሚያመለክተው «ራንዶን» ነው፤ እየዋለ ሲያድር ያለ ዕቅድ፣ እንደመጣ የሚል ፍቺ ያዘ። በኮምፒውተር ቋንቋ ግን ሌላ ነገር ይነግረናል። ቴፕ ላይ ያለን መረጃ ለማግኘት ከፊቱ ያለውን ሁሉ ማሳለፍ ግድ ነው። ራም ላይ ግን መጀመሪያ ያለውም መጨረሻ ያለውም ቦታ ተራ ሳይጠብቅ በእኩል ጊዜ ይደረስበታል።

አማርኛ ለ«ራንደም» የሰጠው አቻ «የዘፈቀደ» ነው። ዛሬ አንድን ሰው «በዘፈቀደ ይሠራል» ማለት ወቀሳ ነው። ቃሉን ስንፈታው ግን «ዘ» እና «ፈቀደ» እናገኛለን። በግዕዝ «ፈቀደ» ወደደ፣ ፈለገ ማለት ነው፤ «ዘፈቀደ» ደግሞ የፈለገው፣ የወደደው። የራም ጠባይም ይኸው ነው፦ ማሽኑ የፈለገውን ቦታ በቀጥታ ያገኘዋል። ዛሬ ወቀሳ የሚሰማበት ቃል በሥሩ ከእንግሊዝኛው ይልቅ ለዕቃው ይቀርባል።

«ሜሞሪ» ላይ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል። ላቲኑ «ሜሞር» የሚያስታውስ ማለት ነው። አማርኛ በተጫነላቸው ስልኮችና ኮምፒውተሮች ላይ አቻው «ማህደረ ትውስታ» ተብሎ ይነበባል። «ማኅደር» የወጣው «ኀደረ» ከሚለው የግዕዝ ግስ ነው፤ የአማርኛው «አደረ» ከዚሁ የተገኘ ነው። ማኅደር ማደሪያ ነው። የብራና መጽሐፍ የሚገባበት፣ በጠፍር ተንጠልጥሎ የሚያዘው የቆዳ ማኅደርም ስሙን ያገኘው መጽሐፉ ስለሚያድርበት ነው። የመሥሪያ ቤት ፋይልን ማኅደር የምንለውም ሰነዱ ለዓመታት ስለሚቀመጥበት ነው።

ራም ግን ምንም ነገር አያድርበትም። የአይ.ቢ.ኤም. መሐንዲስ ሮበርት ዴናርድ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሰበውና በ1968 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ባገኘበት ንድፍ አንዲት ቢት የምትያዘው በአንድ ትራንዚስተርና በአንዲት ደቃቅ ካፓሲተር ነው። ካፓሲተሯ የያዘችው ቻርጅ ያለማቋረጥ ይፈሳል። ስለዚህ በተለመደው አሠራር በየ64 ሚሊ ሰከንዱ የራሙ ቢቶች ሁሉ እየተነበቡ እንደገና ይጻፋሉ። መብራት ሲጠፋ ይህ ማደስ ይቆማል፤ በራሙ ላይ የነበረውም ይጠፋል። ማኅደር መባል የሚገባው ሃርድ ዲስኩ ወይም ኤስ.ኤስ.ዲ.ው ነው፤ እነሱ ላይ ፋይሉ ያድራል።

የስም መደባለቁ ገንዘብ ያስወጣል። በአዲስ አበባ ሰው አፍ «ሚሞሪ» በብዛት የስልክ ካርድ ነው። ላፕቶፑ የከበደበት ሰው «ሚሞሪው ሞልቶ ነው» ብሎ ትልቅ ዲስክ ይገዛል፤ ማሽኑ ግን ያነሰው ራም ነበርና እንደዘገመ ይቀጥላል።

የሴም ቋንቋዎች ዘመዶቻችን ሌላ ሥር መርጠዋል። ዐረብኛ የኮምፒውተርን ሜሞሪ «ዛኪራ»፣ ዕብራይስጥ «ዚካሮን» ይለዋል፤ ሁለቱም ከእኛ «ዘከረ» ጋር አንድ ሥር አላቸው። በእኛ ዘንድ ከዚህ ሥር ዝክርና ተዝካር፣ ቤተ መዘክርም ወጥተዋል። በየወሩ በቅዱሱ ቀን የሚደገሰው ዝክር የሚጸናው በመደጋገሙ ነው፤ ከታጎለ ይረሳል። በየ64 ሚሊ ሰከንዱ እየታደሰ ለሚቆይ ራም ከ«ኀደረ» ይልቅ «ዘከረ» ይቀርበዋል።

ሦስተኛው ቃል «አዳፕተር» ነው። አሮጌ የቢሮ ዴስክቶፕ ያለው ሰው ከተበላሸ ላፕቶፕ የተረፈ ራም ቢያገኝ በቀጥታ አይገባለትም። የላፕቶፑ ራም 6.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲረዝም የዴስክቶፑ 13.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ዲዲአር 3 በሚባለው የራም ትውልድ የመጀመሪያው 204፣ ሁለተኛው 240 ፒን አለው። መሐል የምትገባ፣ ትንሹን ራም ተሸክማ በትልቁ ስሎት የምትሰካ ሰሌዳ አለች፤ እሷ ናት አዳፕተር። ቃሉ «አፕቱስ»፣ ገጣም፣ ከሚለው ላቲን የመጣ ነው። ላቲኑ የሚያየው ቅርጽን ነው።

አማርኛው «አስማሚ» ይላል። ሥሩ «ሰማ» ነው፦ ሰማ፣ ተስማማ፣ አስማማ። ተስማሙ ማለት መነሻው እርስ በርስ ተሰማሙ፣ አንዱ የሌላውን ሰማ ነው። ስሙ ለዕቃው የሚገባ መሆኑ ኮምፒውተሩ ሲበራ ይታያል። ራሙ ላይ ያለች ኤስ.ፒ.ዲ. የምትባል ትንሽ ቺፕ መጠኑንና ፍጥነቱን ለማዘርቦርዱ ትናገራለች፤ ማዘርቦርዱም ሰምቶ ራሱን ያስተካክላል። አስማሚዋ ይህን ንግግር በትክክል ካላሻገረች ቅርጹ ቢገጥምም ራሙ አይታወቅም። 486 በተባለው ፕሮሰሰር ዘመን የነበሩ አንዳንድ አስማሚዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው 8 ቢት የሚሰጡ አራት ባለ30 ፒን ራሞችን ሰብስበው በአንድ ባለ72 ፒን ስሎት 32 ቢት ያደርጓቸው ነበር።

ሆኖም የማይስማሙም አሉ። ዲዲአር 2 በ1.8 ቮልት፣ ዲዲአር 3 በ1.5 ቮልት ይሠራሉ፤ የሚነጋገሩበት ሥርዓትም ይለያያል። የዴስክቶፖቹ ራሞች ሁለቱም 240 ፒን ናቸው፤ እንዳይሳሳቱ ግን የጫፋቸው ስንጥቅ ቦታው ተለይቷል። እነዚህን የቅርጽ አስማሚ አያስታርቃቸውም። ስለዚህ ራም ከመግዛት በፊት ትውልዱን መጠየቅ፣ ከዚያ ስለ ቅርጹ ማሰብ ይገባል።

እኔ የምለው ይህን ነው፦ «ራም» በሱቁም በገዢውም አፍ ያለ ጥርጥር ይግባባልና እንዳለ ይቆይ። «ማኅደር» መረጃ ለሚያድርበት ዲስክ ይመለስ። «አስማሚ»ን ግን ሱቆቻችን ይውሰዱት፤ ዕቃው ምን እንደሚሠራ ለገዢው በስሙ ይነግረዋል። ቃል የሚያወጡ የቋንቋ ሊቃውንትና የሶፍትዌር ተርጓሚዎችም ስያሜ ከማጽደቃቸው በፊት ራም ነቅሎ ከሚሰካው ባለሙያ ጋር ይምከሩ፤ እነሱ ሥሩን፣ እሱ ሥራውን ያውቃልና።