ጆተኒና ኬክ

የአታሪ መሥራች ኖላን ቡሽኔል እ.ኤ.አ. በ1977 ካሊፎርኒያ ውስጥ «ቸክ ኢ ቺዝ»ን ከፈተ፦ ፒዛ፣ የሚዘፍን አሻንጉሊት አይጥ፣ በቶክን የሚሠራ ጌም። ዛሬ ጎልማሳ የሆኑ አሜሪካውያን ስሙ ሲነሳ ሆዳቸው ይባባል። ያኔ እኛ አገር ቀይ ሽብር ነበር፤ ልጅ ይዞ አምሽቶ መዝናናት ማን አስቦት!

የእኛ ቶክን ግን ቀድሞ የገባ ይመስለኛል። ጣሊያን ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ደሴን ያዘ፤ በ1933 ሲባረር ፒያሳ፣ ማኪያቶ፣ ከረምቡላ የሚሉት ቃላት ቀሩ። «ጆተኒ»ም ከጣሊያንኛው «ጀቶኒ» የመጣ ነው ይባላል፤ ማሽን ውስጥ የሚከተት ሳንቲም መሰል ነገር። ጨዋታውን በመክፈያው ጠራነው ማለት ነው።

እኛ የኮምቦልቻ ልጆች ለኬክ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥተን ደሴ እንሄዳለን፤ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ጆሮ ይደፍናል። አባባ ማኪያቶውን ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ያወራል። እኔ በረንዳው ላይ ጆተኒ። እህቴስ? «የዱርዬ ጨዋታ ነው» ተብላ ክሬሟን እየላሰች ትቀመጣለች። የቤተሰብ መዝናኛ የምንለው እንግዲህ ይኸው ነው፤ ስንናፍቀው ይህን ለምን እንደምንዘለው አይገባኝም።

ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ሁለቱም ከተሞች ገባ፤ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆየ። የእኛ ኬክ ቤት የቡና ማሽኑም ፍሪጁም ተወሰደ። ጆተኒውን የሚፈልገው አልነበረም መሰለኝ፣ ቀርቷል። አንዱ በረኛ ጭንቅላት የለውም። ባለፈው ስሄድ ሁለት ሴቶች ልጆች ይዘውት ወረፋ አጣሁ።